ሳይከደን ሮክ እና የዘነቡ ግድግዳ

እኔን ብሎ ሸክላ ሰብሳቢ! ጥርሴን እንኳ ሰብስቤ መያዝ አቅቶኝ ሦስት ብቻ ናቸው የቀሩኝ፤ እነሱም ተኮራርፈው ለየብቻ ነው የቆሙት። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሙሉ ስፈልገው የምውል ሴትዮ፣ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ዳዊት የሚደግም፣ ምን ሲደረግ ነው ከፈረንጅ እብድ ዘፈን ጋር የተያያዝኩት? ያላረፈች ጣት… የቀረውን ታውቁታላችሁ። እኔ ጨዋ ነኝ፣ አልጨርሰውም።

ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። ግራ ጆሮዬ ካረፈ ቆይቷል፣ ነፍሱን ይማረው። ቀኙን ላሳይ ሐኪም ዘንድ ብሄድ፣ የልጅ ልጄን የሚያክል ዶክተር መብራት ከትቶ አየና፣ "እማማ፣ ይሄኛውም እየደከመ ነው። መስማት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይስሙ" አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ምን ልስማ ብዬ አሰብኩ። የልጆቼን ምክር? እሱን ሰምቼ ጠግቤያለሁ። የጎረቤት ሐሜት? እሱ ጆሮ አይፈልግም፣ በዓይንም ይገባኛል። እንዲህ እያልኩ ሰነበትኩ።

እንግዲህ ፊት ለፊት ያለችዋን ክፍሌን የተከራየ ደምሰው የሚባል ሰውዬ አለ። ቲቪና ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ዕድሜው ሃምሳን ያንኳኳ፣ ሚስት የሌለው። ለምን እንደሌለው ክፍሉ ስትገቡ ይገባችኋል፤ አልጋው ላይ ሳይቀር ሸክላ ነው። የዘፈን ሸክላ ማለቴ ነው። ይቺን ልብ በሉ፣ ኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ከክፍሉ ድምፅ ወጣ። መጀመሪያ ነዳጅ ያለቀበት ጄኔሬተር ይመስላል። ቀጥሎ ማጠፊያው ዘይት ያጣ በር። ከዚያ አንዱ ጥርሱን ሳያደነዝዙ እንደነቀሉት ሰው ጮኸ። እኔ ምን ልሁን? አንሶላው ከእጄ ወደቀ። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ዞሬ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

"አንተ ደምሰው!"

ደንግጦ ወጣ። "ይቅርታ እማማ፣ ልቀንሰው?"

"ትቀንሰዋለህ? ጨምረው እንጂ! ይሄ ምን የሚሉት ነው?"

ሰውዬው ዓይኑ ፈጠጠ። ለካ እስከዛሬ የተከራየበት ቤት አከራይ ሁሉ በዚህ ዘፈን የተነሳ ነው ያባረረው። "ሳይኬደሊክ ሮክ ይባላል እማማ። ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ፈረንጆቹ ጸጉራቸውን ሲያሳድጉ የወጣ ነው። እኔ የምሰበስበው እሱን ብቻ ነው" አለኝ።

እኔ በቀረችኝ ጆሮ የሰማሁት "ሳይከደን ሮክ" ሲል ነው።

"ሳይከደን? ወጥ ነው እንዴ?"

"አይ እማማ፣ ሳይኬ…"

"ዝም በል፣ ገብቶኛል። እውነታቸውን ነው፤ ክዳኑ ተረስቶ የሚገነፍል ሽሮ ነው የሚመስለው!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ሳይከደን ነው። ደምሰው ራሱ ሁለት ቀን ተቃወመና በሦስተኛው ለመደው።

የሚገርማችሁ፣ እኔ ከሳይከደን ጋር የተዋወቅኩት ከደምሰው በፊት ነው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ሆኖ እዚሁ ጉለሌ አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ጸጉሩ ትከሻው ላይ የተኛ፣ ጫማ የማይወድ፣ ደግ ሰው። ከሥራ ሲገባ ሸክላውን ያስቀምጥና ወለል ላይ በጀርባው ይዘረጋል። ጣሪያ ጣሪያ ያያል። የመጀመሪያ ቀን የሞተ መስሎኝ ጠበል ነው የደፋሁበት። ብድግ ብሎ ሳቀ። ጠበሉ ሠራ ብዬ ለሳምንት ያህል ኮርቻለሁ።

ከሸክላዎቹ አንዷ ግን እኔን ያዘችኝ። በር ሲከፈት ትጀምራለች፣ አህያ ታናፋለች፣ ከዚያ ጊታሩ ሲገባ ትከሻዬ ጌታውን ይረሳል። መጥረጊያዬን አቅፌ እስክስታ! ፈረንጁ እየሳቀ መርፌውን ይመልስልኛል። ሰው ቤት ሠርቼ "ድገሚው" ያላለኝ፣ "ልድገምልሽ" ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

አገሩ ሲመለስ ሳጥን ሙሉ ሸክላ ሰጠኝ። ማጫወቻውን ግን ይዞት ሄደ። ላሟን ይዞ ሄዶ ሣሩን መስጠት ማለት ይሄ ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና ሳጥኑን ከፍታ፣ "ይሄ ሁሉ ክዳን!" ብላ እልል አለች። ጋኑን፣ ገንቦውን፣ እንስራውን፣ ሁሉን ከደነችበት። ሳይከደን ሮክ እንዲህ ሆኖ ተከደነበት። ጋን ለሰው ስታውስም ከነክዳኑ ነው። ያቺን የኔዋን ግን ከነልብሷ፣ ከነባለሥዕሉ ካርቶን ሽፋኗ ማለቴ ነው፣ አልጋ ሥር ደበቅኳት። ከዓመታት በኋላ ብፈልጋት የለችም። "አይጥ በላት" አለችኝ እናቴ። እኔም አመንኩ። ያ አይጥ ጥርሱን ከየት እንዳመጣው እንኳ አልጠየቅኩም።

ይሄን ሁሉ ለደምሰው ሳወራለት ስልኩን አወጣና ሥዕል አሳየኝ። "ይቺን ሃያ ዓመት ፈለግኳት። ያኔም የወጣችው ጥቂት ናት። አሁን ሰው እጅ ላይ አለች ሲባል ነው እንጂ የምሰማው በዓይኔ አይቻት አላውቅም" አለ። አየሁ። አራት ጸጉራሞች ሐምራዊ ጭስ ውስጥ ቆመዋል። በላያቸው ንስር፣ በሥራቸው አንበሳ። አንደኛው ክብ ቀይ መነጽር አድርጓል።

"የኔ ናት!" ብዬ ዘለልኩ። ጉልበቴ ግን አብሮኝ አልዘለለም፤ ደምሰው ነው ያነሳኝ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለ። ሐኪሙ "አሁን ይስሙ" ያለኝ ይሄንን ነው! ይቺን ዘፈን አንዴ ሰምቼ ከዚያ ጆሮዬ ከፈለገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሂድ። ግን የት አለች? የእናቴ ክዳኖች ጎረቤት ለጎረቤት ተበትነዋል። ደምሰው "ሰው እንጠይቅ" አለ። እኔ ደግሞ ነገር በቀስታ መሥራት አልወድም። የዕድራችንን ጥሩንባ ነፊ ጠራሁና አንድ ብርሌ ጠጅ ቀዳሁለት። "ነገ ጠዋት ንፋልኝ፤ አሮጌ ሸክላ ያለው እኔ ቤት ያምጣ በል" አልኩት። "ጥሩንባ ለሞተ ሰው ነው" አለ። ሁለተኛ ብርሌ ቀዳሁለት። "ግን ላልሞተ ሰው ተከልክሏል የሚል ደንብ የለም" አለ።

ጎህ ሲቀድ ነፋ። እንደምታውቁት ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ጆሮውን የሚከፍተው ስም እስኪጠራ ነው። ስሜን ብቻ የሰማው "ወይኔ!" ብሎ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሮጠ። እስከ መጨረሻው የሰማው ድስቱን ይዞ መጣ። ሁለቱንም የሰማችው ጎረቤቴ ዘነቡ ደግሞ ገንቦ ታቅፋ እያለቀሰች መጣች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን እፍቃለሁ፣ ሦስቱን። አንዷ አይታኝ ተናደደች።

"አልሞትሽም እንዴ? እኔኮ ሥራ ቀርቼ ነው የመጣሁት!"

"ይቅርታ እህቴ፣ ለሌላ ጊዜ" አልኳት።

ግቢዬ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ገበያ መሰለ። ድስት በሉ፣ አፉ የተሸረፈ እንስራ በሉ፣ ሙሉ ሰው የሚያስገባ ጋን በሉ። ለካ በኛ ጊዜ ሸክላ ሲባል ዘፈን ነበር፤ አሁን ዘፈን ስልክ ውስጥ ገባና ሸክላ ወደ ድስትነቱ ተመለሰ! ደምሰው ወጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። "እማማ፣ ምን አደረጉ?" አለኝ። እኔም ምን እንዳደረግኩ አላውቅም። ግን የልጁ ዓይን በድንገት አንድ ቦታ ተተከለ። ጋኑን አልነበረም የሚያየው፤ ክዳኑን ነው። ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ ቀዳዳ። ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፏል።

ተንበረከከ። እውነቴን ነው፣ ጋን ፊት ተንበረከከ!

አምስት አገኘን። አንዷ የጋለ ድስት ላይ ኖራ እንደ ባርኔጣ ቆልመም ብላለች። አንዷ ጠርዟን ዶሮ የጫረው ይመስላል። ደምሰው እንደ አራስ ልጅ ለብ ባለ ውሃ አጠባቸውና የሻለችዋን አስቀመጠ። ዘፈኑ ጥሩ ጀምሮ ነበር፤ መሐል ላይ መርፌው የሃምሳ ዓመት በርበሬ ውስጥ ገባ። ደምሰው አስነጠሰው፣ እኔ አስነጠሰኝ፣ ዘፋኙም ያስነጠሰው መሰለኝ። ከአምስቱ ግን የኔዋ የለችም።

እኛ እዚህ በደስታ ስንሰክር ዘነቡ በረንዳዬ ላይ ተዝለፍልፋ ቁጭ ብላለች። ሞቴን በአንድ ጊዜ አምና፣ በአንድ ጊዜ ካደች፤ ቀላል አይደለም። እኔና እሷ አጥር ተጋርተን አርጅተናል። ደግፌ ቤቷ ወሰድኳት።

"ቁጭ በይ፤ አመሰግናለሁ" አለችኝ ገና ስንገባ።

"ምን አረግኩልሽ?"

"አንቺን ማን አለሽ? ወንጌላውያኖቼን ነው! በሕይወት ስላቆዩሽ።"

ዘነቡ መኝታ ቤቷ ውስጥ በመጋረጃ የተሸፈነ ሥዕል አላት። የሚገለጠው ሲጸለይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጸሎት ሊጀመር ነው ሲባል ጫማዬን ፈልጌ የምወጣ ሰው ነኝ፤ አርባ ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም። የዛን ቀን ግን እጄን ይዛኝ ስለነበር ማምለጫ የለኝ። መጋረጃውን ሳበች።

አራት ጸጉራሞች። ሐምራዊ ጭስ። ንስር፣ አንበሳ። ቀይ መነጽር።

"እልልልል!" አልኩ ሳላስበው።

ዘነቡ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ተመስገን! ይቺም ቀበጥ ተመለሰች!"

"ዘነቡዬ… ይሄ… እነማን ናቸው አልሽኝ?"

"አራቱ ወንጌላውያን ናቸዋ! ይሄ ከአንበሳው በላይ ያለው ማርቆስ። ይሄ ከበሮ የያዘው ሉቃስ፤ ሉቃስ ከላም ጋር አይደል የሚሣለው? ከበሮውም የላም ቆዳ ነው። ዮሐንስ ይሄው መነጽር ያረገው፤ ራእይ ሲያይ ብርሃኑ በዝቶበት።"

"ማቴዎስስ? ይሄ የያዘው ምንድነው?"

"በገና ነዋ።"

"በገና የዳዊት አይደል?"

"ተውሶት ነው!" አለችኝ ቆጣ ብላ።

እንግዲህ አይጧ ማን እንደነበረች ገባኝ። እናቴ ናት! የዘነቡ ልጅ ሕፃን ሆኖ በሳንባ ታሞ ተስፋ ሲቆረጥበት፣ እናቴ "ወደነዚህ ጸልዪ" ብላ ሰጠቻት። ሁለቱም ፊደል አልቆጠሩ፣ እኔም አልቆጠርኩ። ዘነቡ ሦስት ቀን ሳትተኛ ጸለየች። ልጁ ዳነ። ዛሬ ሸጎሌ የበሬ ነጋዴ ነው፤ ራሱ በሬ ያክላል። ይሄን ስትነግረኝ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው። እኔ እሰማለሁ፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልቤ በር ሲከፈትና አህያ ስታናፋ ነው የሚሰማው።

እንዴት ላውርደው? መጀመሪያ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ክፈፉ ወርቅ የሚመስል አዲስ ሥዕል ገዛሁላት፤ አሮጌውን አንሥታ አዲሱን ትሰቅላለች ብዬ። አመስግና፣ ጉንጬን ስማ፣ ከጎኑ ሰቀለችው። "ብቻቸውን ነበሩ፣ ጎረቤት አገኙ" አለችኝ።

ከዚያ ደምሰውን አመጣሁ። "የሥዕል መስታወት የሚያጸዳ ባለሙያ ነው" አልኳት። ከረባት አሥሮ፣ ብሩሽ ይዞ መጣ። ምስኪን፣ ራሱን እንዲገዛ መክሬው ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ግን ያለቅስ ጀመር።

ዘነቡ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እንዲህ ያለ አማኝ በዚህ ዘመን! ና ልጄ፣ ተሳለማቸው!"

ደምሰው ግንባሩን አስነክቶ አልነሳ አለ። ጣቶቹ ከክፈፉ ኋላ ገብተው ጠርዝ ጠርዙን ይዳስሳሉ። ቆይቶ ዞረና ሹክ አለኝ። ችግሩ ሹክ ያለኝ በግራ ጆሮዬ ነው።

"ምን?" አልኩ።

ደግሞ ሹክ አለኝ፣ በዚያችው በሟቿ።

"ምን አልክ? አውጥተህ ተናገር!"

"ሸክላው ውስጡ አለ እማማ! የዘፈኑ ሸክላ ውስጡ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ውጭ የሚሄድ የሚኒባስ ረዳት እንኳ "ጳውሎስ፣ ጳውሎስ" ማለቱን ያቆመ መሰለኝ።

"የምን ዘፈን?" አለች ዘነቡ።

ውሸት እንደማይቸግረኝ ታውቃላችሁ። ሦስት አዘጋጅቼ ነበር፣ አንዱ በጣም ቆንጆ ነው። ግን ዘነቡ መጋረጃውን በእጇ ይዛ ነበር። ለኔ ሞት ገንቦ ታቅፋ እያለቀሰች የመጣች እጅ ናት። አልቻልኩም። ፈረንጁን ነገርኳት፣ መጥረጊያውን፣ የእናቴን አይጥ፣ የጆሮዬን ነገር። ሉቃስ ከበሮ መቺ መሆኑን ስነግራት ወለሉን እያየሁ ነው።

ዘነቡ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ጸጉራሞቹን አየች። እነሱም አዩዋት። ደምሰው ብሩሹን ይዞ እንደ ሐውልት ቆሟል። እኔ በልቤ፣ ዘፈኑም ይቅርብኝ፣ ጆሮውም ይቅርብኝ፣ ይቺን ሴትዮ ብቻ አታሳጣኝ እላለሁ። ስጸልይ እኮ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጸጉራሞች ፊት!

"ልጄ ድኗል አይደል?" አለች በመጨረሻ።

"ድኗል እንጂ፤ በሬ አክሏል።"

"እንግዲያስ ጸሎቱ አድራሻው ደርሷል። ፖስተኛው ጸጉራም ቢሆን እኔ ምን ቸገረኝ?" ብላ ብድግ አለች። "ደግሞ ግድግዳዬ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ዘፈን ተሰቅሎ ለኔ ሳትነግሪኝ! በሉ አውርዱት። ሸክላውን ውሰዱ። ልብሳቸው ግን ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ለምጃቸዋለሁ።"

ደምሰው "ከነልብሱ ካልሆነ እኮ…" ብሎ ሊጀምር ሲል እግሩን ረገጥኩት። ገባው።

የደምሰው ክፍል ገባን። ዘነቡን ያለችው አንዲት ወንበር ላይ አስቀመጥናት፤ ነጠላዋን አስተካክላ እንደ ቅዳሴ ቁጭ አለች። ሸክላዋ ከልብሷ ስትወጣ ብታዩ! አንድ ጭረት የላት። ጋን ያልከደነች፣ በርበሬ ያላየች፣ አርባ ዓመት ሻማና ዕጣን ብቻ የሸተታት ድንግል። ደምሰው መርፌውን አስቀመጠ።

በር ተከፈተ። አህያዋ አናፋች።

እኔ በቀኝ ጆሮዬ ማጫወቻው ላይ ልወድቅ ነው። ጊታሩ ገባ። ወይኔ ልጆች! የደምሰውን መጥረጊያ ከጥግ አነሳሁ። ትከሻዬ አላረጀም፤ ጉልበቴ "ተይ" ይላል፣ ትከሻዬ "ምን አገባህ" ይለዋል። ጸጉራሞቹ ጮኹ፣ ተንሰቀሰቁ፣ እንደ ጅብ አላዘኑ፣ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ እንደወደቀ ሰው ተጣራ፣ ከበሮው ቤቱን አንቀጠቀጠው። ሲያልቅ ደምሰው በእንባ ታጥቦ አየኝና፣ "ልድገምልዎት እማማ?" አለኝ።

መጥረጊያውን አጥብቄ ያዝኩ። "ድገምልኝ" አልኩት።

ሦስት ጊዜ ሰማን። ዘነቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ ለቅሶ ቤት እንደምትቀመጠው፣ ፊቷ እንደተቋጠረ። ተቀየመችኝ ብዬ ሰጋሁ። ስትነሣ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘኋት። ባዶውን የጸጉራሞቹን ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ በዝግታ ትራመዳለች። በሯ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ኔ ዞረች።

"ምን ሆንሽ ዘነቡዬ?" አልኳት።

"አርባ ዓመት ሙሉ ችግሬን ስዘረግፍባቸው ኖርኩ" አለችኝ፤ "ለካ እነሱ ከኔ ብሰዋል!"